ዓሣ ያለ ዱቄት፣ ገበታ ያለ እንጀራ

አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ የሚበላ ነገር አይታጣበትም። ረዳቶች «ኮተቤ፣ ካራ!»፣ «ሲኤምሲ፣ አያት!» እያሉ ሲጣሩ፣ የታክሲው ሰልፍ ሲረዝም፣ በመንገዱ ዳር ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ፓስቲ በትሪ ይደረደራል፤ በቆሎ ከሰል ላይ ይገላበጣል፤ እርጥብ ድንቹንና ቃሪያውን ይዞ በወረቀት ይጠቀለላል። ቦንቦሊኖውም ቆሎውም አለ። ሁሉም ኪስ አይጎዳም፣ ሁሉም ሆድ ይይዛል። ሁሉም ደግሞ ከእህል፣ ከድንች ወይም ከስኳር የተሠራ ነው። ሐኪም «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» ብሎ ለሸኘው ሰው ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደው ይህ መንገድ ቀላል አይደለም።

ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ምክር ይዘው ከተመለሱት አንዱ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ሲነገራቸው ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀነሰውም ተዘረዘረላቸው፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ለስላሳ መጠጥ። «ታዲያ ምን ልብላ?» አሉ። ከተሰጧቸው መልሶች አንዱ ዓሣ ነበር። ጋሼ ግን ዓሣ የሚያውቁት ሐዋሳ ለሥራ በሄዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤታቸው ተሠርቶ አያውቅም። ባለቤታቸው እትዬም ማድ ቤታቸው እንዲገባ አልፈለጉም። «ጠረኑ ሦስት ቀን ከመጋረጃ አይለቅም» ይላሉ።

የእትዬ ስጋት የብዙ ደገኛ እናቶች ስጋት ነው። የጣና ወይጦዎች፣ የዝዋይ ደሴቶች ዛዮች፣ የጋምቤላ አኙዋኮችና ኑዌሮች ዓሣን በልጅነታቸው ያውቁታል። የመሀል አገር ሰው ግን ዓሣ የሚበላው ወይ በጾም ሰሞን ነው፣ ወይ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ፣ አለዚያም ምግብ ቤት ሲገባ። ስኳር የሚቆጣጠር ሰው ችግር የሚጀምረውም ከምግብ ቤቱ ነው። ዓሣው ራሱ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ በከተማችን ገበታ ላይ የሚደርሰው ግን ዱቄት ለብሶ፣ በዳቦና በሩዝ ታጅቦ ነው። ጥቅሙን በሙሉ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ቤቱ ቢሠራው ይሻለዋል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

100 ግራም ጥሬ የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲንና ከ2 ግራም ያነሰ ስብ ይይዛል። ካርቦሃይድሬቱ ዜሮ ነው፤ ጠቅላላ ኃይሉም 100 ካሎሪ አይሞላም። ከዚህ ጎን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብናስቀምጥ 73 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው። ጤፍ 13 ግራም ያህል ፕሮቲንና ጥሩ የሆነ አሰር ስላለው የሚናቅ እህል አይደለም፤ የፉርኖ ዱቄት ግን 76 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዞ አሰሩ እጅግ ጥቂት ነው። እንጀራ ሲጋገር ውኃው ስለሚበዛ በ100 ግራም እንጀራ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ወደ 30 ግራም ይወርዳል። ጥያቄው ስንት መቶ ግራም እንበላለን የሚለው ነው።

ካርቦሃይድሬት የቀነሰ አመጋገብ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ130 ግራም በታች ማለት ነው። ወጣቶች «ኪቶ» የሚሉት ጠበቅ ያለው ዓይነት ደግሞ ከ20 እስከ 50 ግራም ድረስ ይወርዳል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ሙሉ እንጀራ፣ ማታ ሙሉ እንጀራ የሚበላ ሰው 130ውን ገና ከምሳው ሳይነሣ ያልፈዋል። ጎመን በ100 ግራም 5 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው አብዛኛው አሰር ነው። ቲማቲም 4 ግራም አይሞላም። ቀይ ሽንኩርት 9፣ ድንች 17 ግራም አካባቢ ናቸው።

ሽንኩርትን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ኪሎ ሽንኩርት አቁላልቶ የዓሣ ወጥ የሚሠራ ሰው እንጀራውን ሳይቆጥር 90 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ድስቱ ውስጥ ጨምሯል። ወጡ ለስድስት ሰው ከተካፈለ የሚያስጨንቅ አይደለም። አንድ ሰው ለብቻው ሁለት ቀን የሚበላው ከሆነ ግን ሊቆጠር ይገባዋል።

ምግብ ቤት የሚጨመርበት

በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የዓሣ ዝርዝር ላይ የጣልያን ጊዜ አሻራ ይታያል፤ ፊሌቶና ኮተሌት የሚሉት ከዚያ የቀሩ ናቸው። ኮተሌት ሲታዘዝ የዓሣው ፊሌቶ ዱቄት ላይ ይንከባለላል፣ እንቁላል ውስጥ ይነከራል፣ የዳቦ ፍርፋሪ ይለብሳል፣ ከዚያ ብዙ ዘይት ውስጥ ይገባል። አጃቢው ጥብስ ድንች ወይም ሩዝ ነው፤ ዳቦም ይጨመራል። ሙሉው ጥብስ ዓሣም በየቦታው ዱቄት ይነሰነስበታል። ዓሣ ጉላሽ የተሻለ ነው፤ ግን ሳህኑ ላይ የሚቀርበው ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ነው። የዓሣ ሾርባውም ቢሆን እንዲወፍር ዱቄት ወይም ድንች ይገባበታል።

አንዳንድ ምግብ ቤቶች «ዱቄት አታድርጉበት፣ በድንቹ ፈንታ ጎመን ወይም ሰላጣ ይሁንልኝ» ሲባሉ እሺ ይላሉ። መጠየቅ ነውር የለውም። ዘይቱ ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት ግን የሚነግር የለም። ጋሼ መጥበሻቸውን አውጥተው ሥራውን ራሳቸው የጀመሩት ለዚህ ነው።

ዓሣ ቤት ደጃፍ

ዓሣ ለመግዛት የወጣነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አትክልቱን፣ ቃሪያውን፣ ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ከሾላ ገበያ ሸምተን፣ ከመገናኛ ብዙም ሳንርቅ ወደ አንዲት ትንሽ ዓሣ ቤት ገባን። ሻጩ ወጣት ነው፤ ትላልቅ ጎማ ጫማ አድርጓል፤ በረዶ ላይ ሦስት ዓይነት ዓሣ ዘርግቷል። «ግቡ አባቴ፤ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው» አላቸው ጋሼን።

አዲስ አበባ የምትበላው የሐይቅ ዓሣ ብዙው የስምጥ ሸለቆ ነው። ዝዋይ በ160 ኪሎ ሜትር፣ ሐዋሳ በ275 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆኑ፣ ጫሞና አባያ ደግሞ አርባ ምንጭ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳሉ። ከጣናም ይመጣል። በጠረጴዛው ላይ በብዛት የነበረው ቆሮሶ ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ ጣዕሙ ለስላሳ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚለቅ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ቀጥሎ አምባዛ አለ፤ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ሥጋው ጠንከርና ሰባ ያለ። ጥግ ላይ ትልልቅ የናይል ፐርች ቁራጮች ነበሩ።

«ትኩስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሉ ጋሼ። ወጣቱ አንዱን ቆሮሶ አንሥቶ የጉንጩን ክዳን ገለጥ አደረገ። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ ነበር። «ይሄ ቡናማ ከሆነ አይግዙ ጋሼ። ዓይኑም ወጣ ብሎ ማብራት አለበት፤ የሰመጠና የደፈረሰ ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው።» ከዚያ በአውራ ጣቱ ሥጋውን ጫን አደረገው፤ ጉድጓዱ ወዲያው ተመለሰ። ጠረኑ የውኃ ጠረን እንጂ የሚከረፋ አልነበረም። እትዬ የሚፈሩት ያ ከባድ ሽታ የዓሣ ተፈጥሮ አይደለም፤ ዓሣው ሲቆይ ባክቴሪያ በሥጋው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር እየሰባበረ የሚፈጥረው ነው። ትኩስ ዓሣ የገዛ ሰው የመጋረጃውን ችግር ግማሹን ዓሣ ቤት ደጃፍ ላይ ጨርሶታል።

ዋጋ ሲሰላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ከሙሉ ቆሮሶ ክብደት ንጹሕ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ሦስት ኪሎ ሙሉ ዓሣ የገዛ ሰው አንድ ኪሎ ገደማ ፊሌቶ ያገኛል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ ግን ለሾርባ ይሆናሉ። ፊሌቶ ተዘጋጅቶ ሲገዛ የሚወደደው ለዚህ ነው። ቤቱ ቢላ የሚሞርድ ሰው ሙሉውን ቢገዛ ይከስባል። ጋሼ ግማሹን ሙሉ፣ ግማሹን ፊሌቶ አስደረጉ። ወጣቱ ቅርፊቱን እየፋቀ «የዛሬውን ዛሬ ይሥሩት፤ ለነገ የሚሆነውን በረዶ ቤት ያስገቡት» አለ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ጥሬ ዓሣ በማቀዝቀዣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መቆየት የለበትም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም።

ዱቄቱን የሚተካው

እትዬ ማድ ቤቱን ለጋሼ ለቀው መስኮቱን ከፈቱና በር ላይ ቆሙ። ዓሣው በጨውና በሎሚ ታሸ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተለቀለቀ። ሎሚ ከሌለ አቼቶም ያገለግላል፤ አሲዱ ሽታ የሚፈጥረውን ንጥረ ነገር ስለሚያሥረው ጠረኑ ይበርዳል።

ዓሣ ላይ ዱቄት የሚነሰነሰው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ዱቄቱ የሥጋውን እርጥበት ይመጥጣል፣ ከመጥበሻው ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል፣ ጥርት ያለ ቅርፊት ይሠራል። ዱቄቱን የተወ ሰው ያንን ሥራ በሌላ መተካት አለበት፤ ተኪው ደግሞ ማድረቅ ነው። ዓሣው ጨው ተነስንሶበት ሩብ ሰዓት ይቀመጣል፤ ጨው ውኃውን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት እየተጫነ እርጥበቱ እስኪያልቅ ይጠረጋል። መጥበሻው ባዶውን በደንብ ይግላል፣ ዘይቱ ቀጥሎ ይገባል፣ ዓሣው በቆዳው በኩል ይተኛል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበት ትዕግሥት ነው፤ ሦስት አራት ደቂቃ አይነካም። ጋሼ ሹካቸውን ይዘው ሲንቀሳቀሱ እትዬ ከበሩ ላይ «ኧረ ተወው! ራሱ ይለቅሃል» አሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ ቆዳው ቅርፊት ሲሠራ መጥበሻውን በራሱ ይለቃል። ሲገለበጥ ወርቃማ ነበር። መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ተጨመረበት። ማድ ቤቱን የሞላው የጥብስ ቅጠሉ መዓዛ ነው።

አምባዛው ለዱለት ሆነ። ሥጋው በደቃቁ ተከተፈ፤ ጥቂት ቀይ ሽንኩርት፣ ብዙ ቃሪያ፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ገባበት። ፍስክ ስለነበር አንድ ማንኪያ የወጥ ቅቤ ታከለ፤ በጾም ዘይት ይተካዋል። ከእሳት ላይ የቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሐዋሳና አርባ ምንጭ ከዓሣ ጋር የሚቀርበው ዳጣም ለዚህ አመጋገብ ተስማሚ ነው፤ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተፈጭቶ የሚሠራ እንጂ ዱቄት የለበትም። ሰናፍጭም እንዲሁ። አዋዜ በማር ወይም በጠጅ የታሸ ከሆነ ግን ስኳሩ መታሰብ አለበት።

ዓሣ ለደጋ ማድ ቤት የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 3,200 ሜትር አካባቢ የሚደርሰው እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል የሚያስቸግሩት፣ የበሬ ሥጋም ከቆላው ይልቅ እሳት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ዓሣ ግን ውስጡ 63 ዲግሪ ከደረሰ በስሏል። ሥጋው የብርጭቆ መልኩን ትቶ ሲነጣና በሹካ ሲነካ በየንብርብሩ ሲለያይ ማውጣት ነው። ሸክማቸውን ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች የሚያመጡት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ወይም በየወሩ የሚሞላው የመብራት ካርድ ስንት እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ቤተሰብ አሥር ደቂቃ ውስጥ የሚደርስ ፕሮቲን ትልቅ ነገር ነው።

ጥሬውን መብላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ውስጥ ጥገኛ ትሎች እንዳሉ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ መዝግበዋል፤ እነዚህን የሚገድላቸው እሳት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅሙ ሊቀንስ ስለሚችል አብስሎ ቢበላ ይመረጣል።

እጅ እንጀራ ሲፈልግ

ማዕዱ ሲቀርብ አስቸጋሪው ነገር ታየ። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ሳህኑ ዳር ሄዶ የሚቆርሰው ነገር አጣ። እንጀራ ለእኛ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሳህንም ነው፣ ማንኪያም ነው፣ ጉርሻም የሚሰጠው በእሱ ነው። እሱን ከገበታ ያነሣ ሰው ሦስቱንም መተካት ይኖርበታል። ሹካ ሰጥቶ «ብላ» ማለት ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ወደ እንጀራው ይመለሳል።

እትዬ መፍትሔ ያመጡት ከዚህ ላይ ነው። ከጥቅል ጎመን ላይ ሰፋፊ ቅጠሎችን ገንጥለው የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ነከር አድርገው አወጧቸው። ቅጠሉ ለስልሶ ሳይቀደድ የሚጠቀለል ሆነ። የዓሣውን ዱለት በመሀሉ አድርገው ጠቀለሉና አጎረሷቸው። «በለው እንግዲህ፤ ያለ እንጀራም ይጎረሳል» አሉ። ሰላጣ ቅጠልም ለዚሁ ይሆናል። ሩዝ ለለመደ ደግሞ አበባ ጎመን በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ መጥበሻ ላይ ቶሎ ቢገላበጥ ሩዝ መስሎ ይቀርባል። ከዓሣ ጎን በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ጎመን ከሆነ ሳህኑ ሙሉ ነው። አቮካዶም ይጨመር፤ ካርቦሃይድሬቱ አብዛኛው አሰር ነው፤ ቆሮሶ የሌለውን ስብም ይሰጣል።

እንጀራን ጨርሶ መተው የማይሆንለት ሰው ሩቡን በሰዓቱ ቢበላ ኃጢአት አይደለም። ጎመኑንና ዓሣውን አስቀድሞ እንጀራውን መጨረሻ ላይ መብላትም ይረዳል፤ ፕሮቲንና አሰር ቀድመው ሲገቡ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ረገብ ይላል። ማድ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ ለአባት የብቻ፣ ለልጆች የብቻ ምግብ መሥራት ግን ብዙ ቤት ውስጥ አይዘልቅም። ዓሣና ጎመኑ የሁሉም ይሁን፤ ልጆቹ እንጀራቸውን ይጨምሩበት።

ጾሙስ?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በዚህ ወቅት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይበሉ ገበታው ላይ የሚቀረው ምስር፣ ሽሮ፣ ድንችና እንጀራ ነው። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢኖረውም ካርቦሃይድሬቱ 60 ግራም ያህል ነው። ካርቦሃይድሬት ለሚቆጥር ሰው ጾም ጠባብ መንገድ ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ላይ ምእመናን አንድ አይደሉም። ብዙ የከተማ ምግብ ቤቶች የጾም ዝርዝራቸው ውስጥ ያካትቱታል፤ የዐቢይ ጾም ሰሞን የዓሣ ፈላጊ የሚበዛውና ዋጋው የሚወጣውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል አፋቸው የማያስነኩት፣ ካህናቱም የሚከለክሏቸው ምእመናን ብዙ ናቸው። ይህ የንስሐ አባት ጉዳይ እንጂ የመጽሔት ጉዳይ አይደለም። ዓሣ የማይበላ ጿሚ ባለስኳር ግን መላ አያጣም፤ እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ አቮካዶውንና ተልባውን ያበዛል፣ ምስሩን በልክ ያደርጋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ከመዋሉ በፊት ግን ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ከለንደን እስከ እንጦጦ

ዱቄትና ስኳር ቀንሶ ዓሣና ሥጋ መብላት የዘመኑ ፋሽን ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ከመወፈሩ የተነሣ የጫማውን ማሠሪያ ማሠር አቅቶት እንደነበርና እንዴት እንደቀነሰ የሚተርክ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ከልክሎ ከፈቀደለት ውስጥ ከሳልሞን በስተቀር ማንኛውም ዓሣ ይገኝበት ነበር። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ እስኪገኝ ድረስም ለስኳር ሕመምተኛ ከሚሰጠው ሕክምና ዋነኛው ካርቦሃይድሬት መከልከል ነበር። በዚያው ዓመት ራስል ዋይልደር የተባሉ የአሜሪካ ሐኪም ለሚጥል በሽታ የሚሆን እጅግ ጥብቅ፣ ስብ የበዛበት አመጋገብ ሐሳብ አቀረቡ፤ የዛሬው «ኪቶ» ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው።

ዛሬ ማስረጃው የት ደርሷል? የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የባለሙያዎች ስምምነት፣ የደም ስኳርን ለማሻሻል ከአመጋገብ ስልቶች ሁሉ ብዙ ማስረጃ ያለው ካርቦሃይድሬትን መቀነስ መሆኑን ገልጿል። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጎልቶ ይታያል፤ ዓመት ሲሞላ ከሌሎች አመጋገቦች ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል። ምክንያቱ በአመዛኙ ሰው ስለሚሰለች ነው። የጎመን ጉርሻም ሆነ ሩብ እንጀራ ዋጋ የሚኖራቸው ለዚህ ነው፤ ለአንድ ወር ብቻ የሚያዘልቅ አመጋገብ ስኳርን ለዓመታት አይቆጣጠርም።

ይህ ምክር ለሁሉም አይደለም። ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ላይ የሚሮጡትን ወጣቶች ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ስለ ኢትዮጵያ ረጅም ርቀት ሯጮች አመጋገብ የተደረገ ጥናት ከሚመገቡት ኃይል 64 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል። እንጀራው ለእነሱ ነዳጅ ነው፤ ያቃጥሉታል። ቀኑን ወንበር ላይ፣ ምሽቱን ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያሳልፍ የመገናኛ ሠራተኛ ግን ያንኑ እንጀራ በልቶ የሚያቃጥልበት ቦታ የለውም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ሳያስተካክል ካርቦሃይድሬቱን በአንድ ጊዜ ቢቆርጥ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ይህን አይጀምር። ስለ ዓሣውም የተጋነነ ነገር ይነገራል። ለልብ የሚበጀው ኦሜጋ 3 በቆሮሶ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ያለው የታሸገ ሰርዲን በ100 ግራም 1 ግራም ገደማ ስላለው በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ዓሣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበላ ይላል። አንዱን በትኩስ ቆሮሶ፣ ሌላውን በሰርዲን ማድረግ ይቻላል፤ ሰርዲኑ ዳቦ ውስጥ ካልገባ።

የሐይቁ ድርሻ

ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት የሚበላው ዓሣ 1 ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱ የልማድ ብቻ አይደለም። ሐይቆቻችን ሩቅ ናቸው፣ በረዶና ማቀዝቀዣ ያለው መጓጓዣ ጥቂት ነው፣ የኩሬ ዓሣ እርባታም ገና ጀማሪ ነው። ሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች ሕይወተ ውኃ ምርምር ማዕከል ለገበሬ ኩሬ የሚሆኑ ዝርያዎች ላይ ይሠራል። የህዳሴ ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅም አዲስ የዓሣ ምንጭ ሆኗል። ነባሮቹ ሐይቆች ግን ደክመዋል፤ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ቆሮሶ ጭምር ያወጣል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን ዓይነቱን አጠማመድ ለመግታት ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል።

ገዢ በዚህ ላይ አቅም የለውም ማለት አይደለም። መዳፍ የምታክል ቆሮሶ አለመግዛት፣ ቆሮሶ ሲወደድ አምባዛን መሞከር፣ ስንጥቡን ገልጦ ማየት፣ «ከየት ሐይቅ ነው? መቼ ገባ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጠያቂ የበዛበት ዓሣ ቤት በረዶውን አያጎድልም።

ስኳር አለብዎት? እንግዲያው ዓሣ መድኃኒትዎን አይተካም፤ ሁለት ሳህን እንጀራ ሊተካ ግን ይችላል። ሐኪምዎን ያማክሩና በሳምንት በአንድ ማታ ይጀምሩ። ዱቄት አይንኩት፣ ሥጋውን ያድርቁት፣ ከጎመን ጋር ይብሉት። መለኪያ ካለዎት ደግሞ ስኳርዎን ከመብላትዎ በፊትና ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ለክተው ከእንጀራው ማታ ጋር ያስተያዩት። ከማንም ምክር በላይ የሚያሳምንዎ የራስዎ ቁጥር ነው።